ጥርስ ብሔር አለው እንዴ?

«ቲቸር፣ የሰው ብሔር በጥርሱ አገጣጠም ይታወቃል ይባላል፤ እውነት ነው?» የሚል መልእክት ከአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደረሰኝ። ሌሎቻችሁም ብታነቡት ስለማይከፋ እዚሁ ልመልሰው።

አጭሩ መልስ፦ አይታወቅም። ጥርስ ከዘር ይልቅ የሚያወራው ስለ ማዕድ ነው።

እስቲ ጥርሳችሁን ግጠሙ። የብዙዎቻችን የላይኛው የፊት ጥርስ የታችኛውን ሸፈን አድርጎ ያርፋል። የጥንት አዳኝና ለቃሚ ሕዝቦች፣ አፍሪካም ይሁን አውሮፓ ወይም አውስትራሊያ፣ ለአቅመ አዳም ሲደርሱ ጥርሳቸው በአብዛኛው የሚገጥመው ጫፍ ለጫፍ ነበር። በልጅነታቸው እንደኛው ይጀምራሉ፤ ጠንካራ ምግብ ሲያኝኩ ኖረው የጥርሱ ጫፍ እየተበላ ይስተካከላል። እርሻ መጣና እህል ተፈጨ፣ ገንፎ ተገነፋ፣ ምግብ ለሰለሰ። የልጅነቱ አገጣጠምም እስከ እርጅና አብሮን ዘለቀ።

ማስረጃው በአንድ ሕዝብ ውስጥም ይታያል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሮበርት ኮሩቺኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 በሰሜን ህንድ የከተማና የገጠር ወጣቶችን አነጻጽረው ነበር። ሕዝቡ ያው አንድ ሆኖ ሳለ የተዛባ አገጣጠም በከተሜዎቹ በዝቶ ተገኘ። የተለየው አኗኗራቸውና የሚያኝኩት ነገር ነበር።

ቤተሰብ የለበትም እያልኩ አይደለም። ገጣጣነት ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ሁላችንም አይተናል። ግን ገጣጣ የሌለበት፣ ፍንጭት የሌለበት ብሔር ንገሩኝ እስቲ!

የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው። «ፈ»ን ለማለት የታችኛው ከንፈር የላይኛውን ጥርስ መንካት አለበት። የቋንቋ ምሁሩ ቻርልስ ሆኬት እ.ኤ.አ. በ1985 እንዲህ ያለው ድምፅ የተስፋፋው ምግብ ከለሰለሰ በኋላ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። በ2019 ዳሚያን ብላሲና ባልደረቦቹ የዓለምን ቋንቋዎች ሲመረምሩ፣ በአዳኝና ለቃሚዎች ቋንቋ እነዚህ ድምፆች በገበሬና በአርብቶ አደሩ ቋንቋ ካሉት ሩብ ያህል ብቻ ሆነው አገኟቸው።

አሁን ወደ እኛው ዞን ልመልሳችሁ። ሰኞ ባቲ ገበያ ውጡ። አማራው «አፍ» ይላል፣ ኦሮሞው «አፋን» ይላል፣ ከቆላ የመጣው አፋርም «አፍ» ይላል። ኦሮሞውና አፋሩ ቋንቋቸውንም የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው፤ እኛም «አፍ መፍቻ ቋንቋ» እንላለን። የሦስቱም ከንፈር የሚነካው ያንኑ የላይኛውን ጥርስ ነው።

በአካባቢያችን ሰው በስሙና በቋንቋው እየተለየ የደረሰውን መከራ ከከሚሴ እስከ አጣዬ የማያውቅ የለም። ጥርስን ደግሞ አንጨምርበት። ሰው አፉን ሲከፍት የሚታየው አያቶቹ ምን ሲያኝኩ እንደኖሩ ነው፤ የእኛ አያቶች ደግሞ ያንኑ ማሽላ ነው የቆረጠሙት።

እናንተ ሰፈር ልጆች አሁንም ቆሎ ይቆረጥማሉ ወይስ ነገሩ ሁሉ ብስኩት ሆኗል? ጻፉልኝ።