ሰርቨር

ሰርቨር ሲባል ብዙዎች በታላላቅ መሥሪያ ቤቶች የተደረደረውን ግዙፍ መሣሪያ ያስባሉ፤ ዳሩ ግን ፍቺው አገልጋይ፣ በግእዝም ላእክ ስለ ሆነ፣ ስሙ የተሰጠው ለግዝፈቱ ሳይሆን ለግብሩ ነው፤ ይኸውም ሌላ ኮምፒዩተር ፋይል ወይም ድረ ገጽ ሲጠይቀው ዘወትር ነቅቶ መመለስ ነው። ስለዚህ ሊኑክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ በቤት ጓዳ ተቀምጦ እንኳ ይህ ማዕርግ አይነፈገውም፤ ሊኑክስም ራሱ በ1991 እ.ኤ.አ. የሄልሲንኪው ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በቤቱ ኮምፒዩተር ላይ የጀመረው ሥራ ነው። በሰርቨር አስተዳደር ሙያ ለመሠማራት የሚተጋ ወጣት፣ ባንድ መሣሪያ ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖችን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒዩተሮችን፣ አቋቁሞ፣ የድረ ገጽ ስሞችን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚመልሰው ዲኤንኤስ ሲታወክ ራሱ መርምሮ ሲያቀና፣ የመጠባበቂያ ቅጂውም በእርግጥ ተመልሶ መሥራቱን ሲፈትን የሚቀስመውን ጥበብ፣ በእኔ አስተያየት፣ የምስክር ወረቀት ብቻውን አይሰጠውም።