ናሙናና መዝገቡ፦ ከእርሳስ ወደ ስልክ በጨርጨር ደጋ

ከጭሮ ማሳ የተሰበሰበ የማሽላ ራስ ከየት፣ መቼና ከማን እንደተገኘ የሚናገር ጽሑፍ ከሌለው ለተመራማሪ እምብዛም አይረባም። የናሙና ታሪክ የዚያች ቁራጭ ጽሑፍ ታሪክ ነው።

ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) በጅቡቲና በድሬዳዋ በኩል ገብቶ፣ አገሩን በበቅሎ እየዞረ በሺህ የሚቆጠሩ የሰብል ናሙናዎች ወሰደ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ያስተምር የነበረው አሜሪካዊው ዊልያም በርገር ስለ ኢትዮጵያ የአበባ ዕፀዋት ቤተሰቦች በ1967 መጽሐፍ አሳተመ። በ1976 የዕፀዋት ዘረመል ማዕከል፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ ተቋቋመ፤ ዶክተር መላኩ ወረደም ለረጅም ጊዜ መሩት። ከ1980 እስከ 2009 የተዘጋጀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ በስምንት ቅጽ ወጣ። ድንቅ ሥራ ነው። ሆኖም የዕፀዋቱን ስርጭት የሚያሳየው አገሩን በሰፋፊ ክልሎች ከፍሎ ነው፤ ከጨርጨር ደጋ እስከ ኦጋዴን ቆላ ያለው ሁሉ «ሐረርጌ» በሚል አንድ ምልክት ተጠቅልሏል።

ስልክ ያቃለለው ይህን የቦታ ጉዳይ ነው። ኦዲኬና ኮቦ ቱልቦክስን የመሳሰሉ መተግበሪያዎች መጠይቁን ስልኩ ላይ ይይዛሉ፤ ጂፒኤሱ ከሳተላይት ስለሚቀበል ኔትወርክ በሌለበት ተራራም ይሠራል። ፎቶና ባርኮድ አብረው ይያዛሉ፤ መረጃው የሚላከው ሰብሳቢው ኔትወርክ ያለበት ከተማ ሲገባ ነው። ቢሆንም እርሳስን መተው አይገባም። ቀለም ከረጢት ውስጥ እርጥበት ሲነካው ይደበዝዛል፤ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት፣ ስልኩ ላይ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ቁጥር ይዞ፣ ከናሙናው ጋር ይግባ። ስልክ ይሰበራል፣ ባትሪም ያልቃል።

አሮጌውን ከአዲሱ ማገናኘትም ጥንቃቄ ይጠይቃል። የቀድሞ መለያዎች ጭሮን በድሮ ስሟ «አሰበ ተፈሪ» ይላሉ፤ ያውም በላቲን ፊደል አጻጻፉ በየሰብሳቢው ይለያያል። የቀድሞ የኢትዮጵያ ካርታዎች የተመሠረቱት አዲንዳን በተባለ የልኬት መነሻ ላይ ሲሆን ስልክ የሚጠቀመው ሌላ ነው፤ ልዩነቱን ያላረመ ሰው ከ200 ሜትር በላይ ይስታል። በጨርጨር ገደላ ገደል ይህ ከደጋው ጫፍ ወደ ሸለቆው ሊጥል ይችላል። ገበሬው «ግንቦት ዘራሁ» ሲል ስልኩ የፈረንጅ ወር ይጠብቃል፤ «ሁለት ሰዓት ላይ» ሲልም የስልኩ ሰዓት ስምንት ይላል። መጠይቅ ሲዘጋጅ ለሁለቱም አቆጣጠር ለየብቻ ቦታ ይኑር።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን «ከማን» የሚለው ነው። የሐረርጌ ገበሬ ከማሽላ ዝርያዎች ሙይራን ከፈንዲሻ፣ ወጌሬን ከሌላው ለይቶ ያውቃል፤ የትኛው ድርቅ እንደሚችል፣ የትኛው አገዳ ለከብት እንደሚጥም፣ የትኛው ጉድጓድ ውስጥ ቶሎ እንደማይነቅዝ ይነግርሃል። መጠይቁ አስቀድሞ የተዘጋጀ ዝርዝር ብቻ ካቀረበለት፣ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ዝርያ «ሌላ» በሚለው ሳጥን ይጣላል፤ ዘር ባንክ ውስጥም ስም አልባ ይሆናል። ኦዲኬ አንዱን መጠይቅ በብዙ ቋንቋ ማቅረብና ድምፅ መቅዳት ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው በአፋን ኦሮሞ ይቅረብ፤ የገበሬው መልስም ፈቃዱ ተጠይቆ በገዛ ድምፁ ይቀዳና ከዘሩ መለያ ቁጥር ጋር ይቀመጥ።