«ቻው»፦ የአንድ የስንብት ቃል ታሪክ



በየዕለቱ ስንለያይ የምንለው «ቻው» «ባሪያህ ነኝ» ማለት ነውና፣ ያውም በ1928 ዓ.ም. ከወረረን ጦር አገር የመጣ ነውና ከአፋችን ይውጣ የሚል ክርክር አለ። ክርክሩን ለመመዘን የቃሉን ጉዞ መከተል ያሻል።

የቃሉ መነሻ ቬኒስ ነው። ቬኒሳውያን ሲገናኙም ሲሰናበቱም «ስቻቮ»፣ ማለትም «ባሪያዎ ነኝ» ይባባሉ ነበር። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው ቬኒሳዊው ጸሐፌ ተውኔት ካርሎ ጎልዶኒ ሰላምታውን በመኳንንት አፍ ሳይቀር አኑሮታል። ከጊዜ በኋላ መካከለኛው «ቭ» እና መነሻው «ስ» ተውጠው «ቻኦ» ቀረ፤ ቃሉም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከቬኒስ አልፎ ወደ ሌሎች የጣሊያን ግዛቶች ተዛመተ።

«ስቻቮ» ግን ከዚያ የቀደመ ታሪክ አለው። ምንጩ የመካከለኛው ዘመን ላቲን «ስክላቩስ» ሲሆን፣ መጀመሪያ የስላቭ ሕዝቦች መጠሪያ ነበር። ከእነዚህ ሕዝቦች እየተማረኩ የሚሸጡት ስለበዙ የሕዝቡ ስም የባሪያ ስም ሆነ። ቬኒስም በዚህ ንግድ ከከበሩት ከተሞች አንዷ ነበረች። እዚያው ቬኒስ «ሪቫ ዴሊ ስኪያቮኒ» የሚባለው የወደብ ዳር መንገድ ደግሞ ከዳልማቲያ ይመጡ በነበሩ ስላቮች ስም ይጠራል። አንድ ሥር በአንድ ከተማ የሕዝብ ስም፣ የባርነት ስምና የጨዋ ሰላምታ ሆኖ ኖረ ማለት ነው።

ዛሬ ጣሊያናውያን «ቻኦ» የሚሉት ለወዳጅና ለአቻ ነው፤ «እርስዎ» ለሚሉት ሰው አይሉትም። የበታችነት ቃል የእኩያሞች ቃል ሆነ። አማርኛም እንደ «መኪና»ና «ፋብሪካ» ተቀብሎ የራሱ አደረገው፤ የመገናኛውን ትርጉም ትቶ የስንብቱን ብቻ ያዘ። «ቻው» ብሎ ቤት የሚገባ የለም።

እንግዲህ የቃል ምንጭ የቃል ትርጉም ዳኛ ሊሆን አይችልም። ይሁን ካልንማ የማናውቀውን ሰው በትሕትና «ጌታዬ» ስንል ንብረቱ መሆናችንን ማመናችን ነው። ይሁንና ትርጉሙ ተለውጧል ብሎ ምንጩን መዘንጋትም ለታሪክ ተማሪ አይገባውም። ከተሸጡት ሰዎች የብዙዎቹ ስም በየትኛውም መዝገብ የለም፤ የደረሰባቸው ነገር ግን በዚህች አጭር ቃል ውስጥ ተመዝግቧል። ስለዚህ ቃሉን እንጠቀምበት፤ ምስክርነቱንም እንስማ።