የደብረ ሊባኖስ ሰማዕታት ስንት ነበሩ?

የዛሬው ንባባችን የሞት ታሪክ ነው። ረጋ ብላችሁ፣ ቁጥሮቹን እየለያችሁ አንብቡ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በፋሺስቱ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ሦስት ቀን የከተማው ሕዝብ ተጨፈጨፈ። ይኸም አልበቃው! የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በነገሩ አሉበት ብሎ ጄኔራል ማሌቲን ላከባቸው።

ማሌቲ ግንቦት 12ን፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን በዓል ጠበቀ። ለምን ቢሉ፣ ያን ቀን ገዳሙ በእንግዳ ይሞላል። በማግሥቱ ወታደሮቹ መነኮሳቱን በካሚዮን እየጫኑ ላጋ ወልዴ ወደሚባል ስፍራ ወሰዷቸው። እዚያም ወንዝ ዳር በጥይት ፈጇቸው።

ግራዚያኒ ወደ ሮማ ባስተላለፈው ቴሌግራም፣ 297 መነኮሳትና 23 ግብረ አበሮቻቸው ተረሸኑ አለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ 129 ዲያቆናት ተገደሉ። እስቲ ልብ በሉ፤ ይህን የቆጠረው ማነው? ራሱ ገዳዩ ነው። ሆኖም ብዙ ጸሐፊዎች ለረጅም ዘመን ይህንኑ ቁጥር ሲደግሙ ኖሩ።

በ1980ዎቹ ዓመታት ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ የተባሉ ተመራማሪዎች ወደ ስፍራው ሄዱ፤ ሽማግሌዎችን ጠየቁ፤ ነገሩን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። የሟቾቹ ቁጥር ከ1,400 እስከ 2,000 እንደሚደርስም ገመቱ። ዘመን ሲርቅ ነገር ይረሳል እንላለን አይደል? እዚህ ግን የተደበቀው የወጣው ዘመኑ ከራቀ በኋላ ነው።

በጣሊያን አገር የሆነው ሌላ ነው። ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. 19 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ግን ስለ ኢትዮጵያውያን ደም አልነበረም፤ ከጀርመኖች ጋር ስለ ማበሩ ነው። ጥቂት ወራት ብቻ ታስሮ ተፈታ። ነሐሴ 2004 ዓ.ም. ደግሞ በተቀበረባት በአፊሌ ከተማ፣ በሕዝብ ገንዘብ፣ የመታሰቢያ ሕንፃ ቆመለት። ውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ተቃውመው ሰልፍ ወጡ።

ታዲያ በሁለቱም አገር ያለፈው ዘመን እኩል ነው። አንዱ ዘንድ ሰው ሄዶ ጠየቀ፤ ሌላው ዘንድ ብዙው ሰው ዝም አለ።

ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜ ልጆች ነበሩ። ዛሬ ያን ቀን በዓይኑ ያየ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። የቀሩት የግራዚያኒ ቴሌግራምና የሽማግሌዎቹ ቃል ናቸው፤ ሁለቱም ተጽፈዋል።