አራዳን በደራሲዎቿ ዓይን

የሕግ ተማሪ ሳለሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከስድስት ኪሎ በአራት ኪሎ አድርጌ ፒያሳ እወርድ ነበር፡፡ ሰበቤ ማኪያቶ ነው፤ ልቤ የሚሻው ግን በልብ ወለድ ያነበብኩትን ሰፈር በእግሬ መርገጥ ነበር፡፡ በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው በኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ ያ ልማዴ መሬት አጣ፡፡

አራዳ በምኒልክ ዘመን በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ትልቁ ገበያ ነው፡፡ በጣልያን ወረራ ዘመን (1928-1933) ገበያው ወደ መርካቶ ተዛወረ፤ «ፒያሳ» የሚለው ስምም የዚያ ዘመን ትራፊ ነው፡፡ ገበያው ቢሄድም «አራዳ» ለነቃ ከተሜ መጠሪያ ሆኖ ቀረ፡፡

የሰፈሩን ሌሊት ለማወቅ ስብሐት ገብረእግዚአብሔርን ማንበብ ግድ ነው፡፡ በአድዋ አካባቢ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገው ስብሐት «ሌቱም አይነጋልኝ»ን የጻፈው ለትምህርት ፈረንሳይ ሳለ ነው፡፡ የታሪኩ መቼት ስሙን ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ያገኘው ውቤ በረሃ ነው፡፡ ቡና ቤቶቹንና ሴቶቹን ሳይሸፋፍን በመግለጹ መጽሐፉ ለብዙ ዓመታት ሳይታተም ቆየ፤ በፈረንሳይኛ ተተርጉሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፡፡ ስብሐት በ2004 ዓ.ም. ዐረፈ፡፡

ስብሐትን ራሱን በልብ ወለድ ያቆየልን ደግሞ ወዳጁ በዓሉ ግርማ ነው፡፡ የ«ደራሲው» (1972) ዋና ገጸ ባሕርይ ሲራክ በስብሐት አምሳል እንደተቀረጸ ዘወትር ይነገራል፡፡ በዓሉ ግን «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ባሳተመ ማግስት፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ፡፡ አገሩ የእሱንም መቃብር አላቆየችለትም፡፡

የዶሮ ማነቂያ ነዋሪ የሚያፈስ ጣሪያና የጋራ ሽንት ቤት ወረፋ ይናፍቀዋል ብዬ አልከራከርም፡፡ ጥያቄዬ ሌላ ነው፡፡ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ሲተረጉም የሚዳሰሰውንም የማይዳሰሰውንም ያቅፋል፡፡ የሰፈር ታሪክ ከሁለተኛው ወገን ነው ባይ ነኝ፡፡ ቤቱ መፍረሱ ካልቀረ፣ ማን ኖረበት፣ ማንስ ጻፈበት የሚለውን አስቀድሞ መመዝገብና በቦታው አንድ የጽሑፍ ሰሌዳ ማቆም ምን ያህል ይከብዳል? ካይሮ ለናጊብ ማህፉዝ በአሮጌው ከተማ ሙዚየም የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፡፡ ኢስታንቡል ውስጥ ደግሞ ኦርሃን ፓሙክ የልብ ወለዱን ዓለም እ.ኤ.አ. በ2012 ራሱ ሙዚየም አድርጎታል፡፡

እስከዚያው አንባቢ ሆይ፣ አንድ እሑድ ጠዋት መጽሐፉን ይያዙና በ2007 ዓ.ም. ከደረሰበት ቃጠሎ ከተረፈው ጣይቱ ሆቴል ይነሱ፤ በምኒልክ ሐውልት አድርገው ጊዮርጊስ ድረስ ይሂዱ፡፡ ልጅ ካለዎት ይዘውት ይውጡ፡፡ ውቤ በረሃ የቱ ጋ እንደነበር በጣት የሚያሳየው ሰው ሳያልቅበት ይየው፡፡