ሐውልቱ ሲታደስ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው?



የተከበራችሁ አድማጮቻችን፤ በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን የምናወሳው ብዙዎቻችን በየዕለቱ በአጠገቡ እያለፍን ቀና ብለን የማናየውን የስድስት ኪሎውን የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት ነው።

ከሲግናል ታክሲ ተሳፍረን፣ እንግሊዝ ኤምባሲን አልፈን፣ ቀበናን ተሻግረን፣ ከአራት ኪሎ ሽቅብ ስንወጣ ሐውልቱን እናገኘዋለን። ባለፈው ጊዜ ልጆች ይዘን ሄደን ነበር። በሐውልቱ ዙሪያ በነሐስ የተቀረጸውን የእልቂት ሥዕል እያሳየን ታሪኩን ስንነግራቸው፣ አንዱ ታዳጊ «የእኛ ሰዎችም እዚህ ሞተዋል?» ሲል ጠየቀን። «እልቂቱ የወረደው በከተማው ሕዝብ ላይ ነው፤ በከተማው ደግሞ ሙስሊሞች ነበሩ» አልነው። «እነማን?» አለን። ስም ጥሩ ስንባል ዝም አልን። የዛሬውን ዝግጅት ያዘጋጀነው ያ ዝምታ ስላሳፈረን ነው።

ለመሆኑ በዚያ ቀን ምን ሆነ? የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም የፋሺስት ጣሊያን እንደራሴ የነበረው ማርሻል ግራዚያኒ የኢጣሊያ አልጋ ወራሽ ልጅ መወለድን ምክንያት አድርጎ ለከተማው ድሆች ምጽዋት እንዲሰጥ አዘዘ። ሕዝቡ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ተሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የተባሉ ወጣቶች በባለሥልጣናቱ ላይ ቦምብ ወረወሩ፤ ግራዚያኒም ቆሰለ። ወታደሮቹ ወዲያው ምጽዋት ሊቀበል በመጣው ሕዝብ ላይ ተኮሱ። ከዚያም ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ፋሺስቶች ለሦስት ቀን የፈለጉትን እንዲያደርጉ ተፈቀደላቸው። በየሰፈሩ እየዞሩ ያገኙትን ኢትዮጵያዊ በጥይት፣ በአካፋና በዱላ ገደሉ፤ ጎጆዎችን ሰው በውስጣቸው እያለ በእሳት አጋዩ። የኢትዮጵያ መንግሥት በኋላ የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺህ ብሎ አስታውቋል፤ ጉዳዩን ለረጅም ዓመታት ያጠኑት እንግሊዛዊው ኢያን ካምቤል ደግሞ 19 ሺህ ገደማ ይሆናል ይላሉ። በየትኛውም ቁጥር ብንሄድ በሦስት ቀን ውስጥ የጠፋው የሰው ነፍስ ነው።

ግራዚያኒ ለሙስሊሙ ዓለም እንግዳ ሰው አልነበረም። ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት በምሥራቅ ሊቢያ መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ከነከብቱ ነድቶ በሽቦ በታጠረ ሰፈር ያጎረ፣ አሥር ሺዎች በረሃብና በበሽታ እንዲያልቁ ያደረገ ሰው ነው። የቁርአን መምህሩን አዛውንት ኡመር ሙኽታርን መስከረም 1924 ዓ.ም በስቅላት ያስገደለውም እርሱ ነው። ታዲያ የአዲስ አበባው እልቂት ገና አንድ ወር ሳይሞላው፣ መጋቢት 1929 ዓ.ም፣ ሙሶሊኒ ወደ ሊቢያ ሄዶ በትሪፖሊ «የእስልምና ሰይፍ» የተባለ ሰይፍ ተቀብሎ ራሱን የሙስሊሞች ጠባቂ ነኝ ሲል አወጀ! የኡመር ሙኽታር ደም በእጁ ያለበት መንግሥት የሙስሊም ጠባቂ ሊሆን ይችላልን? ፍርዱን ለአድማጮቻችን እንተዋለን።

ውድ አድማጮች፤ ታሪክን ስንናገር የሚመቸንን ብቻ መርጠን መናገር አይገባንም። ፋሺስት በአገራችን መስጊድ እንዲሠራ፣ ዐረብኛ በትምህርት ቤት እንዲሰጥ ፈቅዷል። ከሊቢያ፣ ከሶማሊያና ከኤርትራ የመለመላቸው ወታደሮችም በጦሩ ውስጥ ነበሩ። ይህን የሚያነሱ ሰዎች «ሙስሊሙ ከጠላት ጋር ነበር» ሲሉ ይሰማል። መልሳችን ቁጣ ሳይሆን ታሪክ መሆን አለበት። ፋሺስት ይህን ያደረገው እስልምናን ወዶ ሳይሆን አንዱን ወንድም በሌላው ላይ ለማስነሳት ነው። ኅዳር 1927 ዓ.ም ጦርነቱን በቀሰቀሰው የወልወል ግጭት ከኢትዮጵያ በኩል ከተሰለፉት አዛዦች አንዱ ኡመር ሰመተር ነበር፤ እርሱም ከዚያ ቀደም በሶማሊያ ከጣሊያኖች ጋር የተዋጋ ሙስሊም ነው። ገና ጦርነቱ ሳይታወጅ በግንባር የቆመ ሙስሊም ካለ፣ ሕዝበ ሙስሊሙን በጅምላ የሚከስ ሰው ታሪክ አላነበበም ማለት ነው።

አሁን ወደ ሐውልቱ እንመለስ። ሐውልቱ ከነፃነት በኋላ በ1940ዎቹ ዓመታት የቆመ፣ ቁመቱ 28 ሜትር ገደማ የሆነ፣ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች በተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራጮች የተሠራ ነው። ለሰባ ዓመት ገደማ የእንጦጦ ዝናብና ፀሐይ፣ በዙሪያው የሚሽከረከረው መኪና ጭስ ተፈራርቀውበታል። ድንጋይ ከመጋጠሚያው ውኃ ሲገባበት ይለቃል፤ ነሐስ ሲቆሽሽና አሲድ ሲያገኘው ይበላል፤ የተቀረጸው ፊት ይደበዝዛል።

እድሳት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቀለም ነው። ነገር ግን ነሐስን ቀለም መቀባት ወይም በሽቦ ብሩሽ መፈተግ እድሳት ሳይሆን ማጥፋት ነው። በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል፤ ከዚያ መከላከያ ሰም ይቀባል። የድንጋዩ መጋጠሚያም ከድንጋዩ በጠነከረ ሲሚንቶ ቢደፈን፣ ውኃው መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ራሱን ይሰነጥቀዋል። ሥራው ዐዋቂ ይፈልጋል። ከተማችን ይህን የማድረግ ልምድ አላት፤ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለባቡር መንገድ ሥራ በ2005 ዓ.ም ተነሥቶ፣ በብሔራዊ ሙዚየም ተጠብቆ፣ በ2008 ዓ.ም ወደ ቦታው ተመልሷል።

ይህ የመንግሥትና የባለሙያ ሥራ ነው። የእኛስ ድርሻ ምንድን ነው? በሐውልቱ ላይ የሺዎቹ ስም አልሰፈረም። ድንጋዩ ቢታጠብ የነበረው ይወጣል እንጂ ያልተጻፈ ስም አይወጣም። ያ ስም ያለው በቤታችን፣ በአያቶቻችን አንደበት ነው። በዚያ ዓመት ልጅ የነበሩት ዛሬ በሕይወት ካሉ ዘጠናን አልፈዋል። በየቀብሩ የምንሸኘው አንድ አዛውንት ብቻ አይደለም፤ ያልጠየቅነውንም ታሪክ አብረን እንቀብራለን።

በዚህ ረገድ ሙስሊሞች ከማንም የተሻለ መሣሪያ ነበረን። ዑለማዎቻችን ሐዲስን የጠበቁት «ከማን ሰማህ? እርሱስ ከማን ሰማ?» እያሉ በኢስናድ ነው። ሰንሰለቱ የተበጠሰውን ወሬ አይቀበሉም ነበር። የቤተሰብ ታሪክ ሐዲስ አይደለም፤ ጥንቃቄውን ግን ልንማርበት ይገባል። አያታችን «አጎቴ በየካቲት ተገደለ» ካሉን፣ የአጎታቸውን ስም ከነአባቱ፣ የኖረበትን ሰፈር፣ ያዩት ራሳቸው መሆኑን ወይም የሰሙት ከማን እንደሆነ፣ የነገሩንንም ቀን በደብተር እንጻፍ። ድምፃቸውን በስልካችን እንቅዳ። ያልሰማነውን አንጨምር፤ ወገናችንን ለማስመስገን ብለን ቁጥር አናብዛ። ሐሰት የገባበት ምስክርነት እውነተኛውንም ያስጥላል።

ከዚያስ የት እናድርሰው? ቦምቡ የተወረወረበት ያ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚገኝበት ነው። ምጽዋት ሊቀበሉ በመጡ ድሆች ላይ የተተኮሰበት ግቢ የታሪክ ማኅደር ሆኗል። ቅጂውን ለተመራማሪዎች ማድረስ፣ አንዱን ደግሞ በየመስጊዳችን ቤተ መጻሕፍት ማስቀመጥ ለአንድ ቤተሰብ ከባድ አይደለም።

ውድ አድማጮች፤ በነሐሴ 2004 ዓ.ም በኢጣሊያ አፊሌ በምትባል ትንሽ ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ተሠርቶለት በዓለም ዙሪያ ተቃውሞ ተነሥቷል። ገዳይን የሚያስታውሱ ሰዎች ድንጋይ ሲያቆሙለት፣ የተገደሉትን የምናስታውስ እኛ ስማቸውን ለመጻፍ ብዕር ልናነሣ አይገባንምን? ከሲግናል ተሳፍሮ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወጣ ልጅ ነገም ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ቢያንስ አንድ ስም ከነኢስናዱ እንንገረው።

አላህ (ሱ.ወ) በግፍ የተገደሉትን ይማርልን፤ ታሪካችንን በእውነት የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።