ጥያቄው ለማን ነው?

«ለመሆኑ ደረጃውን እንዴት ሊወጣ ነው?» አሉኝ የቅጥር ኃላፊው። ዓይነ ስውሩ ጓደኛዬ አጠገቤ ቆሟል፤ የሚጠይቁት ግን እኔን ነው። 1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። እኔ የሄድኩት ፎርሙን ላነብለት ብቻ ነው። ደረጃውንማ ቀድሞኝ ወጥቶታል!

ያኔም ሕግ አልጠፋም። አዋጅ ቁጥር 101/1986 ለአካል ጉዳተኞች የሥራ መደብ ተለይቶ እንዲያዝ ይፈቅድ ነበር። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ግን «ይቺን እንኳ ለእነሱ እንተውላቸው» ዓይነት ደግነት ሆነ። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። የተካው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ራሱ በመግቢያው፣ መደብ መከለሉ አካል ጉዳተኞችን በችሎታቸው ተወዳድረው መሥራት የማይችሉ አስመስሏቸዋል ሲል የቀድሞውን ሕግ ይወቅሳል።

አዲሱ አዋጅ ነገሩን ገለበጠው። የሥራ ቦታውን የሚያመቻቸው አሠሪው ነው። ውጤት እኩል ወይም ተቀራራቢ ሲሆን ቅድሚያው ለአካል ጉዳተኛው ነው። አድልዎ ተፈጸመብኝ ብሎ የሚከስ ሰውም የማስረዳት ሸክም የለበትም፤ አላዳላሁም ብሎ የሚያስረዳው አሠሪው ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ስታጸድቅ፣ ይኸው ሐሳብ ዓለም አቀፍ ግዴታዋም ሆነ።

ጓደኛዬ ሥራ ያገኘው ከዓመታት በኋላ ነው። በመጀመሪያ ደመወዙ ቡና ጋበዘኝና «ከእንግዲህ የወንድሜን እጅ አላይም» አለኝ።

እንግዲህ የዚያ ኃላፊ ጥያቄ ዛሬም መልስ ይፈልጋል። መላሹ ግን እኔም ጓደኛዬም አይደለንም፤ ራሳቸው ናቸው።